ከቆጠራ የወጣው በርሜልና ያልተቆጠረው መሬት፤ የመንግሥት ፀረ-ተባይ መጋዘኖች ጽዳት ታሪክ

ጎሬ በዝናቧ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ሸንተረር ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ በዓመት የሚዘንብላት ውኃም በአማካይ ወደ 2,000 ሚሊሜትር ይጠጋል። ከጎሬና ከመቱ ገደላገደል የሚወርደው ጎርፍ በሶርና በገባ ወንዞች እየተሰበሰበ ወደ ባሮ፣ ከዚያም በሶባት አድርጎ ወደ ነጭ ዓባይ ይገባል። የኢሉባቦር ቡና በጭነት ከብት ወደ ጋምቤላ ይወርድ በነበረበት ዘመን፣ ይኸውም እንግሊዞች በ1902 በተፈረመው ስምምነት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ካቋቋሙ ወዲህ፣ ጎሬ የነጋዴውም የሹሙም መናኸሪያ ነበረች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የመሆን ማዕረጓ ከአብዮቱ በኋላ ወደ መቱ ቢዛወርም፣ በሁለቱም ከተሞች የመንግሥት መሥሪያ ቤት ባለበት ሁሉ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበረ፤ ግምጃ ቤት ባለበትም ሁሉ ቆጠራ ነበረ።

የቆጠራው ሥርዓት ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ሰኔ 30 የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በርሜሉ፣ ጆንያው፣ አካፋው፣ መርጫው አንድ በአንድ ይቆጠራል። በሞዴል 19 የገባውና በሞዴል 22 የወጣው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ የጎደለ ቢኖር የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይጠየቅበታል። በኢሉባቦር ይህ ሁሉ የሚሆነው ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ በሚደበድብበት ወር ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ መንግሥት በየጊዜው ተመልሶ ማየትን አያውቅም ሊባል አይችልም፤ እንዲያውም ከማንኛውም የአስተዳደር ልማድ ይልቅ ሥር የሰደደው ይኸው ነው። ነገር ግን ቆጠራው የሚያውቀው ዕቃን እንጂ ዕቃው የቆመበትን መሬት አይደለም። የፀረ-ተባይ መጋዘኖች ጽዳት ታሪክ ከመነሻው እስከ ዛሬ የሚታሰረው በዚህች ልዩነት ነው።

መድኃኒቱ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤቶች የገባበት የመጀመሪያው በር ወባ ነበር። በ1958 ክረምትና መኸር የተነሣው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አጥቅቶ 150,000 ያህሉን እንደ ገደለ ይገመታል፤ በጣና ዳር ያለው የደምቢያ ሜዳ መከራውን አብዝተው ከቀመሱት ቦታዎች አንዱ ነበረ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1959፣ ሕዝቡ በአጭሩ ‹‹ወባ ማጥፊያ›› እያለ የሚጠራው ድርጅት ተቋቋመ። ከዚያ ቀደም ሲል በ1950ዎቹ ውስጥ በጥቂት ቦታዎች የሙከራ ርጭት ተደርጎ ነበር፤ ከነዚህም አንዷ ጋምቤላ ናት። ጋምቤላ በዚያን ጊዜ የምትተዳደረው ከጎሬ ስለ ነበር፣ ዲ.ዲ.ቲ. ወደ ኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት የደረሰው ከብዙው የአገሪቱ ክፍል አስቀድሞ ነው። በጎጆው ግድግዳ ላይ እየተረጨ ነጭ ምልክቱን የሚተወው ይህ ዱቄት ያዳነውን ሕይወት መካድ ውለታ ቢስነት ይሆናል። ከ1984 ጀምሮ በሰፈራ ፕሮግራም ከደጋው ተነሥተው ወደ ምዕራቡ ቆላ፣ ከኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ጭምር፣ ለገቡት ወገኖችም ወባ ቀድሞ ያልለመዱት ጠላት ነበረ።

ሁለተኛው አንበጣ ነው። በ1962 በተፈረመ ስምምነት የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅትም ሆነ የየአገሩ የእርሻ ሚኒስቴሮች ለብዙ ዓመታት የተመኩት በዲልድሪን ነበር። ዲልድሪን አንድ ጊዜ ከተረጨ ለረጅም ጊዜ ኃይሉን ስለማይለቅ ለአንበጣ ኩብኩባ የተፈጠረ እስኪመስል ድረስ ተወድዶ ነበር፤ በ1980ዎቹ የተወገዘውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። ጥጥ የሚያመርቱት የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ደግሞ የየራሳቸውን ብዙ ዓይነት መድኃኒት ያከማቹ ነበር።

ቡናም የራሱን አመጣ። ሲ.ቢ.ዲ. የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያ በ1971 ሲታይ፣ የመጀመሪያው መከላከያ የፈንገስ መግደያ መድኃኒት መርጨት ነበር። እዚህ ላይ ለኢሉባቦር ክብር አንድ ነገር ማውሳት ተገቢ ነው። ተመራማሪዎች በሽታው ባጠቃው ደን ውስጥ ሳይታመሙ የቆሙ ዛፎችን ፍለጋ በወጡ ጊዜ፣ ዛሬ 74110 እና 74112 በሚባሉ ቁጥሮች የታወቁትን ዝርያዎች ያገኙት ከመቱ አቅራቢያ ከቢሻሪ መንደር ነው፤ በቁጥሩ ራስ ላይ ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ 1974ን ያመለክታል። ዝርያዎቹ በተስፋፉበት ሁሉ ሊገዛ፣ ሊጓጓዝና ሊከማች የነበረው ብዙ በርሜል መድኃኒት ሳይመጣ ቀርቷል። ስለ መርዝ ጽዳት ሲጻፍ ይህን መሰሉ ሥራ እምብዛም አይጠቀስም፤ ያልመጣ በርሜል ማንም አይቆጥረውምና።

የመጣው ግን አልወጣም። መድኃኒት ሲገዛ ወይም በዕርዳታ ሲሰጥ ሒሳቡ የሚሠራው በሚፈራው መቅሠፍት ልክ ነው። መቅሠፍቱ ሳይመጣ ቢቀር፣ ወይም መድኃኒቱ የርጭቱ ወቅት ካለፈ በኋላ ቢደርስ፣ በርሜሉ ለሚመጣው ዓመት ይቀመጣል። የአብዛኛው መድኃኒት ዕድሜ በትክክል ከተያዘ ሁለት ዓመት ያህል ነው፤ ሦስተኛው ዓመት ሲመጣ ጥራቱ ያጠራጥራል፣ አምስተኛው ሲመጣ ላዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይደበዝዛል፣ አሥረኛው ሲደርስ ቆርቆሮው ዝጎ ከሥር ማንጠብጠብ ይጀምራል። መድኃኒቱ እንደ ረጋ ውኃ ዝም ብሎ የሚጠብቅም አይደለም። ማላታዮን በሙቀት ውስጥ ሲከርም አይሶማላታዮን ወደሚባል እጅግ የባሰ መርዝ በከፊል ይለወጣል። በፓኪስታን በ1976 ለወባ ርጭት ከተሠማሩት 7,500 ያህል ሠራተኞች 2,800 የሚሆኑት ተመርዘው አምስቱ የሞቱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ታዲያ ለምን አይጣልም? ኃላፊው ቸልተኛ ሆኖ ብቻ አይደለም። በርሜሉ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ያለ ፈቃድ፣ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ቃለ ጉባዔ አይወገድም። ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ሰው በራሱ ሥልጣን አንድ በርሜል ቢደፋ ‹‹መርዝ ፈሰሰ›› ከመባሉ በፊት ‹‹በርሜል ጎደለ›› ይባላል። በመሆኑም ተረካቢ ከአስረካቢ እየተቀበለ፣ የተሰነጠቀው ጀሪካን ከነስንጥቁ፣ የተቀደደው ጆንያ ከነቅዳዱ በየዓመቱ ተቆጥሮ ‹‹ልክ ነው›› ተብሎ ይፈረምበት ነበር። ደግነቱ በዚህ ልማድ ሳቢያ ብዙው መርዝ ወንዝ ሳይገባ በአንድ ቦታ ቆየ። ክፋቱ ደግሞ ከሥሩ የነበረው ወለል በየዓመቱ ሲጠጣ መኖሩ ነው።

በ1990 የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር ልዩ አዋጅ ቁጥር 20 ታወጀ። አዋጁ ከዚያ በኋላ የሚገባውን መድኃኒት ለመቆጣጠር መሠረት ጣለ፤ ቀድሞ የገባው ግን ባለበት ቆየ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት በ1990ዎቹ በአፍሪካ ስለ ተከማቹት ጊዜ ያለፈባቸው መድኃኒቶች ጥናት ሲያካሂድ፣ በአህጉሪቱ ያለው ክምችት ወደ 50,000 ቶን ተገመተ። በኢትዮጵያ በተደረገው ምዝገባ 1,500 ቶን ያህል መድኃኒት ከ200 በሚበልጡ ቦታዎች ተበትኖ ተገኘ። ከነዚህም ውስጥ አልድሪን፣ ዲልድሪን፣ ክሎርዴን፣ ሊንዴንና ዲ.ዲ.ቲ. ነበሩበት፤ ምን እንደ ሆኑ ሊታወቅ ያልቻሉም ነበሩበት። ቁጥሩ በራሱ ትምህርት ይሰጣል። ክምችቱ በአንድ ትልቅ ጉድጓድ ወይም በአንድ ፋብሪካ ግቢ ቢሆን ኖሮ ጽዳቱ የአንድ ቦታ ሥራ በሆነ ነበር። የኢትዮጵያ ችግር ግን በየአውራጃው ከተማ፣ ከክሊኒክ ጀርባ፣ ከእርሻ ጽሕፈት ቤት ጎን፣ አንዳንዴም ሰው ከሚያድርበት ቤት አጠገብ የተበተነ ነበር።

በ2000 እና በ2003 መካከል የተካሄደው የመጀመሪያው የጽዳት ምዕራፍ የአገሪቱ ባለሙያዎች ሊኮሩበት የሚገባ ሥራ ነው። ገንዘቡን አሜሪካ፣ ኔዘርላንድስና ስዊድን ሲሰጡ፣ ሥራውን የምግብና የእርሻ ድርጅት ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር መራው፤ የውሉ ተቋራጭ ደግሞ የፊንላንዱ ኢኮኬም ነበር። በእንዲህ ያለው ሥራ ሠራተኞቹ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍን ልብስ ለብሰው፣ አየር የሚያጣራ ጭንብል አጥልቀው፣ የዛገውን በርሜል ወደ አዲስ፣ ለአደገኛ ጭነት ወደ ተመሰከረለት በርሜል ይገለብጣሉ፤ ያፈሰሰውን በመጋዝ ዱቄት ወይም በመሰል ነገር አስጠጥተው ያነሣሉ፤ እያንዳንዱን መዝነው ቁጥር ይሰጣሉ። በቆላው ሙቀት በዚያ ልብስ ውስጥ አንድ ሰው ያለ ዕረፍት ብዙ ሊሠራ እንደማይችል የሞከረው ያውቀዋል። ጭነቱ በመኪና ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ወደ ፊንላንድ ተጉዞ፣ ሪሂማኪ በተባለች ከተማ ባለው ምድጃ ተቃጠለ። ክሎሪን የበዛበት መርዝ ሌላ የባሰ መርዝ ሳይወልድ እንዲቃጠል ቢያንስ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ጋዙም በዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለት ሴኮንድ መቆየት አለበት። ለዚህ የተዘጋጀ ምድጃ በአገር ውስጥ አልነበረም። አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር የሚያልፍበትን ሥርዓት የሚወስነው የባዝል ስምምነት ኢትዮጵያን በ2000 አባል አድርጎ ስለ ነበር፣ መርከቡ የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ አስቀድመው እንዲፈቅዱ መጠየቅም የሥራው አንድ ክፍል ነበረ።

ከ2005 ጀምሮ የአፍሪካ ክምችት ፕሮግራም የተባለው የጋራ ጥረት ሲጀመር፣ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት አገሮች አንዷ ሆነች፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያልተነሣውና ከዚያ ወዲህ የተገኘው ክምችት በዚህ ሥር ተይዞ ሥራው በሚቀጥሉት ዓመታት ተካሄደ። በዚያው ዘመን የምግብና የእርሻ ድርጅት ያዘጋጀው የመጋዘን መመዘኛ ዘዴ በሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ መጋዘን ሁለት ነጥብ ይሰጠዋል። አንዱ ነጥብ ስለ መድኃኒቱ ነው፤ ምን ያህል መርዛማ ነው፣ ስንት ነው፣ ዕቃው ምን ያህል ተበላሽቷል ይላል። ሁለተኛው ስለ ቦታው ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው ወይስ አፈር፣ ጣሪያው ያፈስሳል ወይ፣ ሰው በምን ያህል ርቀት ይኖራል፣ ምንጭ ወይም ወንዝ ቅርብ ነው ወይ ይላል። መሬት በነጥብ ሲመዘን ይህ የመጀመሪያው ስለ ነበር፣ ለመሐንዲስ ዓይን ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም ነጥቡ የተፈለገው የትኛው መጋዘን ቀድሞ ይጽዳ የሚለውን ለመወሰን ነበር። በርሜሎቹ ከሄዱ በኋላ የመጀመሪያው ነጥብ ባዶ ሲሆን፣ ሁለተኛውም አብሮ የተዘጋ ያህል ተቆጠረ።

መሬት ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ዲ.ዲ.ቲ. በውኃ እምብዛም አይሟሟም፤ በአንድ ሊትር ውኃ የሚሟሟው ከሚሊግራም መቶኛ እጅ ያነሰ ነው። ስለዚህ ዱቄቱ በአፈር ላይ ሲፈስ በብስባሹና በሸክላው ቅንጣት ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ለዓመታትም፣ አንዳንዴ ከአሥር ዓመት በላይ፣ ሳይጠፋ ይቆያል። የሚሄደው አፈሩ ሲሄድ ነው። ጎሬን በመሰለ አገር ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው፤ አንድ ክረምት ከተዳፋት ላይ የሚጠርገው አፈር ከሥር ያለውን ማሳ፣ ከማሳው በታች ያለውን ጅረት ያገኛል። በዘይት ተሟሙቶ በፈሳሽ መልክ የተዘጋጀው መድኃኒት ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ማሟሟቻው ዘይት መርዙን ይዞ ጠልቆ ስለሚወርድ፣ ላዩ ንጹሕ መስሎ ከሥሩ ሁለትና ሦስት ሜትር ድረስ ሊበከል ይችላል። የሲሚንቶ ወለልም ዘይቱን ይጠጣል፤ ቢታጠብ የሚገኘው የተበከለ ወለልና የተበከለ ማጠቢያ ውኃ ነው። በመጋዘን ጽዳት ጊዜ በየትም አገር ቅድሚያ የሚሰጠው ለበርሜሉ መሆኑ ትክክል ነው፤ ዛሬ ሊፈስ ያለው እሱ ነውና። አፈሩን በሙሉ ቆፍሮ ወደ አውሮፓ መጫንም ዋጋው የማይቀመስ ነው። ስለዚህ አፈር ይቀራል። የቀረ ነገር ካለ ደግሞ ጽዳቱ አልቋል የሚለው ቃል ሌላ ቃል ይፈልጋል።

ይህን ጥያቄ በሕግ መልክ ያነሣችው አሜሪካ ናት። በ1980 የወጣው የተበከሉ ቦታዎች ጽዳት ሕግ በ1986 ሲሻሻል፣ ሰው እንደ ልቡ ሊጠቀምበት ከሚችልበት መጠን በላይ መርዝ የቀረበት ማንኛውም ቦታ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲፈተሽ ታዘዘ። የመንግሥት ቦታዎች፣ የጦር ሠፈሮችና የአቶም ፋብሪካዎች ጭምር፣ ከሕጉ እንዳያመልጡ በተለየ አንቀጽ ተደነገገ።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ከነዚህ ቦታዎች የሚቀርበው በኮሎራዶ ግዛት በዴንቨር ከተማ አጠገብ ያለው የሮኪ ማውንቴን የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ነው። ሠራዊቱ በ1942 የጋዝ መሣሪያ ሊሠራበት አቋቋመው፤ በኋላም ከግቢው ከፊሉን ለግል ኩባንያዎች አከራየ፤ ከነዚህ አንዱ የሆነው ሼል እስከ 1982 ድረስ ፀረ-ተባይ መድኃኒት ሠራበት። ከሚሠሩት መካከል አልድሪንና ዲልድሪን፣ ይኸውም በእኛ መጋዘኖች ከተገኙት ስሞች ሁለቱ፣ ይገኙበታል። ፍሳሹ በኩሬ ተጠራቅሞ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሰረገ፤ በ1962 ደግሞ ከ3,600 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ወደ መሬት ሆድ ሲገፋ አካባቢው በመሬት መንቀጥቀጥ ስለ ተናወጠ በ1966 ተቋረጠ (የመሬትን ሆድ እንደ ማይሞላ ጎታ ያዩ መሐንዲሶች የተማሩበት ጥሩ ትምህርት ነው)። ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈጀው ጽዳት በ2010 ገደማ ዋና ሥራው ሲያልቅ፣ አብዛኛው መሬት የዱር አራዊት መጠበቂያ ሆነ። እንዲህም ሆኖ መኖሪያ ቤት መሥራት፣ ማረስ፣ የጉድጓዱን ውኃ መጠጣት፣ ከግቢው ያደኑትን ሥጋና ያጠመዱትን ዓሣ መብላት የተከለከለ ነው፤ በየአምስት ዓመቱም ፍተሻው ይቀጥላል።

የፍተሻው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። የተሠራው ሥራ እንደ ታሰበው እያገለገለ ነው ወይ? ሥራው ሲታቀድ ትክክል የነበረው ግምት፣ የመርዛማነቱ መለኪያና የቦታው አጠቃቀም፣ ዛሬም ትክክል ነው ወይ? ቦታው ሰውን አይጎዳም የሚለውን እምነት የሚያናጋ ሌላ ነገር ተሰምቷል ወይ? ከሦስቱ ሁለተኛው ከሁሉም የጠለቀ ነው። በርሜልን መልሶ መቁጠር ማንም ያውቅበታል፤ የትናንቱን መለኪያ ራሱን መልሶ መጠየቅ ግን የተለየ ልማድ ይጠይቃል። ትናንት መጋዘን የነበረው ዛሬ መማሪያ ክፍል ቢሆን፣ አፈሩ ባይለወጥም ጉዳዩ ተለውጧል።

የአሜሪካው ሥርዓት ነቀፌታ የለበትም ማለት አይደለም። በመንግሥት ቦታ ላይ ፍተሻውን የሚያካሂደው ራሱ ባለ ቦታው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሠራዊቱ የሠራዊቱን፣ የኃይል ሚኒስቴሩ የኃይል ሚኒስቴሩን ይፈትሻል። የአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ውጤቱን ይቀበላል፣ ወይም ካልተስማማ የራሱን ድምዳሜ ይሰጣል። የሁለቱ ክርክር አንዳንዴ ቢንዛዛም፣ ክርክሩ ቀን አለው፣ ወረቀት አለው፣ በቦታው አጠገብ የሚኖረው ሰውም ሊያነበው ይችላል። ለኢትዮጵያ ከቢሊዮኑ ዶላር ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው።

በእኛ በኩል ሕጉ ከሞላ ጎደል አለ። በ2002 የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ያዛል። በ2010 የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥርን አጠናክሯል። ኢትዮጵያ በ2003 የገባችበት የስቶክሆልም ስምምነትም በዲ.ዲ.ቲ.ና በመሰሎቹ የተበከሉ ቦታዎችን ለይቶ ለማወቅ ጥረት እንዲደረግ ይጠይቃል። በዚሁ ስምምነት የዲ.ዲ.ቲ. አስፈላጊነት ራሱ በየሦስት ዓመቱ በአባል አገሮች ጉባዔ ይመረመራል፤ መድኃኒቱ የመመለሻ ቀን አለው ማለት ነው። የቆመበት መሬት ግን ተለይቶ እንዲታወቅ ተጠየቀ እንጂ በየስንት ዓመቱ ይታይ የሚል ቃል አልተጨመረለትም። በካዩ ራሱ መንግሥት፣ አጽጂውም ራሱ መንግሥት ሲሆን፣ ማን ማንን ቀጠሮ እንደሚይዝ በአዋጅ ቁጥር 300 አልተጻፈም።

የተረፈ መርዝ ጉዳይ የወረቀት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ከኢሉባቦር ጎረቤት የተገኘ አንድ ጥናት ያሳያል። በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ ከተሞች በእናቶችና በላሞች ወተት ላይ የተደረገውና በ2013 የታተመው ምርመራ፣ አንድ የሚጠባ ሕፃን በቀን የሚወስደው ዲ.ዲ.ቲ. ከተፈቀደው ልክ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚሆን አረጋገጠ። በዚህ ውስጥ የብዙ ዓመት የቤት ውስጥ ርጭት ድርሻ ስለሚኖርበት፣ መጋዘንን ብቻ መክሰስ ፍትሐዊ አይሆንም። ይሁን እንጂ ለወባ የሚደረገው የዲ.ዲ.ቲ. ርጭት በ2010 ገደማ በሌላ መድኃኒት ከተተካ በኋላም ቢሆን መርዙ በአፈር፣ በሣር፣ በላም፣ በእናት በኩል መንገዱን እንዳላቋረጠ ማሰብ ይገባል። ባዶውን በርሜልና ጀሪካን አጥቦ ለውኃ መቅጃ ማዋል በገጠሩ የተለመደ መሆኑም ሌላው መንገድ ነው። በርሜሉ ከቆጠራ የሚወጣው ወደ ፊንላንድ ሲሄድ ብቻ አልነበረም።

ለዳግም ፍተሻ ከገንዘብ እጥረት የማያንስ እንቅፋት የሆነው የአድራሻ ጉዳይ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተመዘገበ አንድ ግምጃ ቤት በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት በጎሬ፣ በሶርና ገባ፣ በቡኖ በደሌ፣ በሞቻ ወይም በጋምቤላ አውራጃ ይገኝ ነበር። ጠቅላይ ግዛቱ ክፍለ ሀገር ሆነ። ከ1991 በኋላ ጋምቤላ የራሱ ክልል፣ ሞቻ የደቡቡ ክልል አካል ሆነ፤ እሱም በ2021 ከተቋቋመው የደቡብ ምዕራብ ክልል ገባ፤ በኦሮሚያ ከቀረው ኢሉባቦር ዞን ደግሞ ቡኖ በደሌ ተለይቶ ዞን ሆነ። አንድ የነበረው መዝገብ ዛሬ የሦስት ክልሎች ጉዳይ ነው። ግምጃ ቤቱ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

የሚጠየቀው መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ስሙን ሲለውጥ ኖሯል። የእርሻ ሚኒስቴር በ2004 የገጠር ልማትን ጨመረ፣ በ2010 የግብርና ሚኒስቴር ተባለ፣ በ2015 ለሁለት ተከፈለ፣ በ2018 እንደገና አንድ ሆነ። ሚኒስቴር በተከፈለና በተዋሐደ ቁጥር ርክክብ አለ። በርክክቡም መኪናው፣ ወንበሩ፣ ኮምፒዩተሩ በዝርዝር ይጻፋል፤ ‹‹በዚህ ከተማ፣ በዚህ ግቢ፣ ከወለሉ በታች የተበከለ አፈር›› የሚል መደብ ግን በቅጹ ላይ የለም።

እንዲህ ያለውን መደብ መክፈት ምን ያህል ሥራ ነው? ለአንድ የወረዳ መጋዘን የሚያስፈልገው የአፈር መሰርሰሪያ፣ ንጹሕ የመስተዋት ዕቃና ናሙናውን የሚቀበል ላቦራቶሪ ነው። ከወለሉ ሥር፣ ከበሩ ደጃፍ፣ ውኃው ከሚወርድበት አቅጣጫና ለማነጻጸሪያ ከላይኛው ንጹሕ መሬት ጥቂት ናሙናዎች በተለያየ ጥልቀት ይወሰዳሉ። በኢሉባቦር አንድ ጊዜ ከዝናቡ በፊት፣ አንድ ጊዜ ከዝናቡ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አፈሩ የት እንደ ሄደ የሚነግረው ልዩነቱ ነውና። ከዚያ ቤቱን ዛሬ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ከግቢው በታች ምን እንደሚበቅል፣ ሰው የሚቀዳበት ምንጭ የት እንዳለ ይጻፋል። የላቦራቶሪው ዋጋ ቀላል አይደለም፤ ግን በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ መዝገቡም ከሰኔ 30 ቆጠራ ጋር አንድ ላይ ሊቀመጥ ይችላል።

በ2003 ጸድቶ የተዘጋ አንድ መጋዘን በየአምስት ዓመቱ ቢታይ ኖሮ እስከ 2023 ድረስ አራት ጊዜ ጎብኚ ይመጣለት ነበር። በ2008 የሚመጣው በ1995 ከተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በ2013 ዓመቱ እኩሌታ ካለፈ የሚመጣው ከአካባቢና ደን ሚኒስቴር ይሆናል። በ2018 እስከ መስከረም ድረስ የአካባቢ፣ ደንና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር፣ ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ኮሚሽን ነው። በ2023 የሚመጣው በ2021 እንደገና ከተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አራቱም ጎብኚዎች በየጊዜው ሌላ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዘው፣ ከአንድ ወለል ላይ ቆመው፣ ከአንድ አፈር ናሙና በወሰዱ ነበር።